ሥራ በሚበዛበት ወራት ኃይልንና ቤትን ስለ መጠበቅ

በአገራችን በሰኔ ወር ሁለት ዓይነት ገበሬ ይደክማል። አንደኛው ዝናሙ ሳያልፍበት እርሻውን ለማለስለስ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ ከንጋት ጀምሮ ወደ ማሳው የሚወርደው ነው። ሁለተኛውም ብዕርና መዝገብ ይዞ በመሥሪያ ቤት የሚውለው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ ስለ ሆነ፥ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የቈየው ሥራ ሁሉ በነዚህ ሠላሳ ቀኖች ውስጥ ተሰብስቦ በአንድ በር ለመውጣት ይጋፋል። ያልተከፈለው ሒሳብ ይከፈላል፤ የተገዛው ዕቃ ይረከባል፤ በዕቃ ግምጃ ቤት ያለው ንብረት ይቈጠራል፤ የዓመቱ ሥራ መግለጫ ይጻፋል። በጊዜው ሥራ ላይ ያልዋለውም ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ተመላሽ የሚሆን ስለ ሆነ፥ ሹሙም ጸሐፊውም ገንዘብ ያዡም ከቀን መቍጠሪያው ጋራ እሽቅድምድም ይይዛሉ። ሕዝቡ ችግር ሲደራረብበት «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» የሚለው አነጋገር በዚህ ወር በመሥሪያ ቤቶች ደጃፍ ቢሰማ የሚያስደንቅ አይደለም።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ያሰብነው ጕዳይ፥ አንድ የሥራ ሰው እንዲህ ያለውን ወር ሥራውን ሳያበላሽ፥ ጤናውን ሳያጠፋ፥ የቤቱንም ሰላም ሳያናጋ እንደምን ሊዘልቀው እንደሚችል ነው።

በብዙ መሥሪያ ቤት መስኮቱ እስከ እኩለ ሌሊት የሚበራለት ሰው ትጉህ ተብሎ ይመሰገናል። ትጋት የሚያስመሰግን መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን መብራቱ መብራቱን እንጂ ሥራው መሠራቱን አያስረዳም። በደከመ ዓይን የታየ ደረሰኝ አንድ ዜሮ ቢጨመርበት ወይም ቢጐድልበት ማን ያስተውለዋል? በእንቅልፍ መካከል የተፈረመ ውል አንዱ ዐንቀጽ ቢዛነፍ ማን ያቃናዋል? በሰኔ ሌሊት የተፈረመውን ወረቀት የሒሳብ መርማሪው በታኅሣሥ፥ በቀን ብርሃን፥ ዕረፍት አድርጎ ያነበዋል። በዚያን ጊዜም «እጄ ደክሞ ነበር» የሚለው መልስ በሕግ ፊት ምክንያት ሆኖ አይቈጠርም። የጠፋውም ገንዘብ የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ ለትምህርት ቤት ጣራ፥ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፥ ለመንደር ውኃ የተመደበ የሕዝብ ሀብት ነው። ስለዚህ ሥራ በበዛበት ወራት ከሁሉ አስቀድሞ መጠበቅ የሚገባው ሀብት የሠራተኛው የጠራ አእምሮ ነው።

ይህን ለመረዳት ከማሳው ገበሬ እንጀምር። ገበሬ በሰኔ እጅግ ይደክማል፤ ነገር ግን በሬውን እንዴት እንደሚይዝ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው ትልቅ ትምህርት አለው። የእርሻው ወራት ሳይደርስ ጭዱንና ድርቆሹን አኑሮ በሬዎቹን ይቀልባል። በእርሻ ቀን ማልዶ በጧት ቅዝቃዜ ይጠምዳል፤ ፀሐይ ስትበረታ ይፈታል፤ ያጠጣቸዋል፥ ለግጦሽም ያሰማራቸዋል። «ገና ብዙ ይቀረኛልና እስኪመሽ ልንዳ» ብሎ በሬውን የሚያስጨንቅ ቢኖር፥ በማግሥቱ በሬው በትልሙ ላይ ይተኛበታል፤ ጅራፍም አያስነሣውም። ደግሞም አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው እንደርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋራ ይቀናጃል፤ ሥራው ከጕልበቱ በላይ የሆነበትም ወንፈል ይገባል፥ ደቦ ይጠራል። እንግዲህ ገበሬው ሰኔን የሚዘልቀው በሦስት ነገር ነው፤ በሰዓቱ በመፍታት፥ በመረዳዳትና አስቀድሞ በማሰናዳት። የብዕሩ ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ይረሳል።

በሰዓቱ መፍታት የሰነፍ ምክር የሚመስለው ሰው ቢኖር ከጦርነት ዘመን የተገኘውን ምስክር ይመልከት። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት የመድፍ ዐረርና የጥይት እጥረት ስላስጨነቀው፥ በየፋብሪካው ያሉት ወንዶችና ሴቶች እሑድን ሳይለዩ በሳምንት 70 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሠሩ ነበር። ከዚህ የበለጠ የሚያስቸኵል ሥራ አይገኝም፤ የጥይቱ መዘግየት በጦር ሜዳ ያለውን ወታደር ሕይወት የሚያስከፍል ነበርና። መንግሥቱም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. የነዚህን ሠራተኞች ጤና የሚመረምር ጉባኤ አቆመ። ጉባኤው የሥራውን ሰዓት፥ የተሠራውን ዕቃ ብዛትና የሠራተኛውን ጤንነት ቢያመሳክር፥ የእሑዱ ሥራ የሚታሰበውን ያህል ትርፍ እንደማይሰጥ፥ ሰዓትም ቢቀነስ የሥራው ፍሬ በዚያው ልክ እንደማይቀንስ አገኘ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፥ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ መምህር የሆኑት ጆን ፔንካቬል ያንኑ አሮጌ መዝገብ በአዲስ የሒሳብ ዘዴ መረመሩት። በሳምንት 70 ሰዓት የሠራው ሰው ያወጣው ሥራ 56 ሰዓት ከሠራው ሰው ሥራ እምብዛም የማይበልጥ ሆኖ ተገኘ። የቀሩት 14 ሰዓቶች በድካም፥ በመንቀራፈፍና የተበላሸውን እንደ ገና በማቃናት አለቁ ማለት ነው። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የፋብሪካው መዝገብ በቍጥር መሰከረለት።

የእንቅልፍም ነገር እንዲሁ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም. በአውስትራልያ የተደረገ ምርመራ፥ 17 ሰዓት ሙሉ ሳይተኛ የቈየ ሰው አእምሮና እጅ በደሙ ውስጥ ከመቶ 0.05 እጅ አልኮል እንዳለበት ሰው ሆኖ እንደሚታወክ አሳየ። ይህም በብዙ አገር መኪና እንዳይነዱ የሚከለከልበት መጠን ነው። ከጧቱ በ12 ሰዓት የተነሣ ሹም ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን 17 ሰዓት ነቅቷል። በዚያን ሰዓት መኪናውን ለመንዳት የማይታመን ሰው፥ የሕዝብን ገንዘብ ለማዘዝ እንደምን ይታመናል? ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ የታየው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየሌሊቱ 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች፥ እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሰው እንዳልተኙ ሰዎች ያህል ፈዘዙ፤ እነርሱ ራሳቸው ግን ይህን ያህል መፍዘዛቸውን አላወቁም። ስለዚህ «እኔ ለምጄዋለሁ፤ ጥቂት እንቅልፍ ይበቃኛል» የሚል ሰው የራሱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ሐኪሞች ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው የሚመክሩት በየሌሊቱ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የሚከተለው ሥርዓት ቀላል ነው። በመጀመሪያ፥ ከባዱ ሥራ በጧት ይሠራ። ሒሳብ ማመሳከር፥ ውል ማንበብ፥ ውሳኔ መስጠት አእምሮ ባልደከመበት ሰዓት ይሁን፤ ደብዳቤ መምራት፥ ወረቀት ማሰናዳትና መሰብሰብ ወደ ከሰዓት በኋላ ይዛወር። ሁለተኛ፥ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ወረቀት በሌሊት አይፈረም፤ ሌሊቱን አድሮ በማለዳ ዓይን ተመልሶ ቢነበብ፥ ከሚጠፋው ጊዜ የሚድነው ነገር ይበልጣል። ሦስተኛ፥ በአንድ ሰዓት ወይም በአንድ ሰዓት ተኩል አንድ ጊዜ ከመቀመጫ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፥ ምሳንም ከመዝገቡ ፊት ርቆ መብላት የተገባ ነው። ምሳውን በወረቀት ላይ አድርጎ የሚበላ ሰው ምሳውንም ወረቀቱንም በሙሉ ልቡ አላገኘውም።

አራተኛው ሥራን መለየት ነው። በወሩ መጀመሪያ አንድ ሉክ ወረቀት ወስዶ በሦስት ዓምድ መክፈል ይጠቅማል። በአንደኛው፥ በሕግ እስከ ሰኔ 30 ቀን መፈጸም ያለበት ይጻፍ፤ በሁለተኛው፥ ሐምሌ ቢገባም ጕዳት የማያመጣ ይጻፍ፤ በሦስተኛው፥ ሌላ ሰው ሊሠራው የሚችል ይጻፍ። አንድ ሰው ይህን ባደረገ ጊዜ፥ ሲያስጨንቀው ከነበረው ክምር ውስጥ ምን ያህሉ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓምድ እንደሚወድቅ አይቶ ይደነቃል። ሥራ በልብ ውስጥ ተበታትኖ ሲኖር ተራራ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሲወርድ ግን ልኩ ይታወቃል።

ስለ መረዳዳት ደግሞ ጥቂት እንጨምር። አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች እንደሚቀናጁ፥ ሁለት ጸሐፊዎችም በሰኔ ወር ሊቀናጁ ይችላሉ። አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው ይመልከትለት፤ የራስን ስሕተት ለማየት የራስ ዓይን ይታክታልና። ሥራው ቀለል ያለለት ክፍል ሥራ ለበዛበት ክፍል ለሦስት ቀን ሁለት ሰው ቢያውስ፥ በሌላ ጊዜ ብድሩን ያገኛል፤ ይህ ነው የመሥሪያ ቤት ወንፈል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል የኖረው ለማሳውና ለጦር ሜዳው ብቻ አይደለም።

በዚህ ነገር ከሁሉ የሚከብደው ኃላፊነት የአለቆች ነው። ሹሙ ካልተነሣ ጸሐፊው አይነሣም፤ ሥራ ባይኖረውም እንኳ እንደ ሰነፍ እንዳይቈጠር ፈርቶ ይቀመጣል። ስለዚህ ሌሎችን ለማሳረፍ የሚወድ አለቃ አስቀድሞ ራሱ በሰዓቱ ይነሣ። ደግሞም ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ስልክ እየደወለ፥ እስከ ነገ ሊቈይ የሚችለውን ነገር የሚጠይቅ አለቃ፥ የአንድ ቤተ ሰብ ሙሉ ዕረፍት እንደሚወስድ ያስተውል። የዓለም የሥራ ድርጅት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1919 ዓ.ም. በዋሽንግተን ባደረገው የመጀመሪያ ጉባኤ፥ የፋብሪካ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳያልፍ ወሰነ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ትርፍ ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፥ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ የወጣው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ባይሆንም፥ ሰው ሊሸከመው የሚችለውን ልክ ለማንኛውም አለቃ ያሳያል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በሰኔ ወር የሥራው ጭነት የሚያርፈው በመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ትከሻ ላይ ብቻ አይደለም። ራት ሳይበላ ይቀዘቅዛል፤ ዘመድ ሳይጠየቅ ይከርማል፤ ሕፃኑ «አባባ ዛሬስ በጊዜ ይመጣሉ?» እያለ እንቅልፍ ይወስደዋል። ከዚህም በላይ ሰኔ ተማሪዎች የዓመቱን ትምህርት የሚጨርሱበት፥ ብዙዎቹም የሚፈተኑበት ወር ነው። አባት የመንግሥትን ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ልጅም የራሱን ሒሳብ ይዘጋል፤ ምናልባትም በአንዲት የፈተና ሌሊት ያጣውን የአባቱን ወይም የእናቱን አጠገብነት ለብዙ ዘመን ያስታውሰዋል። መሥሪያ ቤቱ ሰኔን በየዓመቱ ያገኘዋል፤ የአንድ ልጅ የስምንተኛ ክፍል ሰኔ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወሩ ከመግባቱ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ቃል ቢገባቡ መልካም ነው። ቃሉ ሦስት ነገር ይኑረው። አንደኛ፥ የሥራው ብዛት ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን እንደሚቈይ ተለይቶ ይነገር፤ መጨረሻው የታወቀ መከራ ግማሹ የቀለለ ነውና። ሁለተኛ፥ በሳምንት የማይነኩ ሰዓቶች ይወሰኑ፤ ለምሳሌ የረቡዕና የዓርብ ራት፥ የእሑድም ቀን ሙሉ። በነዚያ ሰዓቶች ወረቀት ከከረጢት አይወጣም፤ የእጅ ስልኩም ከገበታው ርቆ ይቀመጣል። ሦስተኛ፥ በቤት ውስጥ ለጊዜው ሊቀር የሚችለው ነገር ይቅር። በሰኔ ግብዣ ባይደረግ፥ የቤት እድሳት ባይጀመር፥ ማንም አይጐዳም። ዛሬ በብዙ ቤት ባልም ሚስትም የመንግሥት ሥራ ስላላቸው፥ ይህ ሸክም በአንድ ወገን ላይ ብቻ እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ያሻል። አንደኛዋ ሳምንት የእርሷ ከሆነች ቤቱን እርሱ ይያዝ፤ ሁለተኛዋ የእርሱ ከሆነች እርሷ ትያዝ። አያት ወይም አክስት ለሁለት ሳምንት መጥተው ቢያግዙም ነውር አይደለም፤ ይህም የቤት ደቦ ነው።

ወደ ቤት ሲገቡም የመሥሪያ ቤቱን ቍጣ በደጅ መተው ይገባል። በአለቃው የተቈጣ ሰው በሚስቱ ላይ፥ እርሷም በሠራተኛዋ ላይ፥ ሠራተኛዋም በሕፃኑ ላይ ቢቈጡ፥ አንድ የዘገየ ወረቀት አራት ሰው አስለቀሰ ማለት ነው። ከመሥሪያ ቤት እስከ ቤት ካለው መንገድ ጥቂቱን እንኳ በእግር መሄድ ይህን ቍጣ ለማብረድ ይረዳል፤ ዝናም ቢኖርም ጃንጥላ አለ።

ስለ ምግብና ስለ ቡናም አንድ ቃል እንናገር። የሰኔን ጾም የሚጾም ሰው ከባዱን ሥራ በጧት አድርጎ፥ በሚፈታበት ሰዓት ሽሮውን፥ ምስሩን፥ ጎመኑን በሚገባ ይብላ፤ ውኃም ይጠጣ። ቡና የአገራችን በረከት ነው፤ አእምሮን እንደሚያነቃም የታወቀ ነው። ነገር ግን ኃይሉ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. የወጣ ምርመራ፥ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም የቡና ንጥረ ነገር (ካፌይን) እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚያሳጥር አሳይቷል። ስለዚህ አቦሉም ቶናውም በረካውም በቀን ይጠጣ፤ ለሌሊት ሥራ ተብሎ የሚጠጣ ቡና ከነገው ቀን የተበደሩት ብድር ነው፤ ወለዱም ከባድ ነው።

ድካም ከልኩ ሲያልፍ ምልክት አለው። ሌሊት አልጋ ላይ ሆኖ እንቅልፍ ማጣት፥ ያለ ምክንያት መቈጣት፥ የሚወዱትን ሥራ መጥላት፥ «ምን ዋጋ አለው» ማለት፥ መጠጥ ማብዛት፥ የደረት ሕመም ወይም የልብ መምታት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. ከሥራ ብዛት የሚመጣውን መሟጠጥ በበሽታ ስም ባይጠራውም፥ ከሥራ ጋራ የተያያዘ የጤና ጕዳይ አድርጎ በመዝገቡ አስገብቶታል። በ2021 ዓ.ም.ም ይኸው ድርጅት ከዓለም የሥራ ድርጅት ጋራ ሆኖ፥ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ይልቅ በጭንቅላት የደም ሥር ምት የመያዛቸው አደጋ ከመቶ 35፥ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞታቸውም አደጋ ከመቶ 17 እጅ ከፍ እንደሚል ገለጸ። ይህ የሚያስፈራው ዓመቱን ሙሉ እንደ ሰኔ የሚኖረውን ሰው ነው፤ የአንድ ወር ጥድፊያ ያልፋል፥ ልማድ የሆነ ጥድፊያ ግን ሰውን ይጨርሳል። ከላይ የተጻፉት ምልክቶች የታዩበት ሰው «ከሰኔ በኋላ» ብሎ ሳይዘገይ ሐኪም ይጠይቅ። ደረቱን አጥብቆ የሚያመውማ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የቀረን ሦስተኛው ነገር፥ አስቀድሞ ማሰናዳት ነው። ሐምሌ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፥ የሰኔው ድካም ገና ሳይረሳ፥ አንድ ገጽ ይጻፍ። በዚህም ገጽ ላይ ሥራው ስለ ምን እንደ ተከመረ፥ የትኛው ግዥ በጥር ሊጀመር ሲችል በግንቦት እንደ ተጀመረ፥ የትኛው ቈጠራ በየወሩ ሊሠራ ሲችል እስከ ሰኔ እንደ ዘገየ በግልጥ ይታወቅ። በየወሩ መጨረሻ የወሩን ሒሳብ የዘጋ ሰው በሰኔ የሚዘጋው የአንድ ወር ሒሳብ ብቻ ነው። ጭዱን በበጋ ያላኖረ ገበሬ በሰኔ በሬውን ቢገርፍ ምን ይጠቅመዋል?

ከዚያም ቃል የተገባው ይፈጸም። ለልጆች «ሐምሌ ሲገባ» የተባለው ሐምሌ ሲገባ ይሁን፤ በወሩ ውስጥ ቤቱን ችላ ለያዘች ሚስት ወይም ለያዘ ባል፥ ላገዙት አያትና ለቤት ሠራተኛዋም ምስጋና ይነገር። አለቆችም ከመሥሪያ ቤታቸው ተላላኪው ድረስ የደከመውን ሁሉ በስሙ ጠርተው ያመስግኑ፤ ዕረፍት የሚገባውንም ያሳርፉ። በሬውን በሰዓቱ የፈታ ገበሬ በማግሥቱ ጠምዶ ያርሳልና፥ ለአንባቢዎቻችንም መዝገባቸው ንጹሕ፥ ሰውነታቸው ጤነኛ፥ ቤታቸውም የሰላም ቤት ሆኖ ወደ ሐምሌ እንዲሻገሩ እንመኛለን።